እድሩ ሲሞላ ማኅበሩ ለምን ይጎድላል?

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሶዶ ውስጥ በኢስት ማርጂናል ዌይ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የትራክ ማቆሚያ ግቢ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሶዶ ስል አንዳንዱ አንባቢ የወላይታው ወይም የክስታኔው ሶዶ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ የምለው ከሲያትል መሐል ከተማ በስተደቡብ ያለውን የመጋዘን፣ የባቡር ሐዲድና የወደብ ሰፈር ነው። ስሙ የወጣለት «ከዶሙ በስተደቡብ» ለማለት ነበር። ኪንግዶም የተባለው ስታዲየም በ2000 በፈንጂ ከፈረሰ ወዲህ ግን «ከመሐል ከተማ በስተደቡብ» ተብሎ ይተረጎማል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግቢው ውስጥ አሥራ ስድስት ሰዎች ተሰብስበው ቆዩኝ። ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ሁሉም ከወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልሱ የትራክ ባለንብረቶች ሲሆኑ፣ የጠሩኝም «ማኅበር ልናቋቁም ነው፤ ለአንድ አባል ስንት ብንቆርጥ ይሻላል?» ብለው ለመጠየቅ ነው። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከትራካቸው ውስጥ ጠርዙ የተቀዳደደ ደብተር አወጡና ፊቴ አስቀመጡት።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ያለፈው ማኅበራችን ሁሉ ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ይኸው ሕዝብ ለእድር ሲባል ሳይጠየቅ ይከፍላል፤ ለማኅበር ሲባል ግን ስልክ እንኳ አያነሣም። የሒሳብ ሰው ነህና እስቲ ምክንያቱን ንገረን» አሉኝ።

ደብተሩን እኔም አውቀዋለሁ። ጋሼ ገንዘብ ያዥ በነበሩበት በዚያ ማኅበር ውስጥ ሒሳቡን በነጻ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ስሙን አልጠቅስም። በደቡብ ሲያትል ያሉ የባለሱቆች፣ የምግብ ቤት ባለቤቶችና የጥቂት ባለትራኮች ማኅበር ነበር። በ2014 ሲቋቋም 86 ሰዎች ተመዘገቡ። መዋጮው በወር 25 ዶላር ሲሆን፣ በ2016 መጨረሻ ላይ በየወሩ ሳያቋርጡ የሚከፍሉት 58 ነበሩ። ይህም በዓመት 17,400 ዶላር ነው። ለጀማሪ ማኅበር የሚያስከፋ ገቢ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ስፖንሰር መጣ። ለ2017 ሙሉ ዓመት 15,000 ዶላር እሰጣለሁ፤ በምትኩ በስብሰባችሁና በዓመታዊ እራታችሁ ላይ ስሜ ይጠራ አለ። የሥራ አመራር ኮሚቴው በደስታ ተቀበለ። እኔም በሒሳብ ዓይን አየሁትና፣ ከ58 ሰዎች ኪስ በየወሩ 25 ዶላር ለመሰብሰብ ከመድከም አንድ ቼክ መቀበል ይሻላል አልኩ። «ለአንድ ዓመት መዋጮው ይነሣ» የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ በእጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እራቱ ጥሩ ነበር። በ2018 ስፖንሰሩ አልተመለሰም። መዋጮ ይጀመር ተባለና በጥር ወር የከፈሉት 22 ሆኑ። በ2019 መጨረሻ ማኅበሩ ተዘጋ፤ የቀረውንም 640 ዶላር በስብሰባ ወስነን ለእድሩ አስረከብን።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ የተበተነ ማኅበር ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ማኅበሩ በተዘጋ በአራት ወሩ ኮሮና መጣ። መንግሥት በመጋቢት 2020 ባወጣው ሕግ መሠረት ለአነስተኛ ንግዶች ደመወዝ መክፈያ የተመደበው የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር ማመልከቻ መቀበል የጀመረው ሚያዝያ 3 ቀን ነው። በሚያዝያ 16 ገንዘቡ አለቀ። ጠቅላላው ጊዜ 13 ቀን መሆኑ ነው። እነዚያን 13 ቀኖች ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ሳልነሣ ሰነበትኩ። ባንክ የሚያውቃቸው ትልልቆቹ ሲወስዱ፣ የኛ ሰው ገና ቅጹ ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም ነበር። ደውዬ ላስታውቅ ብል በእጄ ያለው የስልክ ዝርዝር የ2016 ሆኖ ተገኘ። ከ2017 በኋላ መዋጮ ስላልሰበሰብን የማንንም አድራሻ አላደስንም ነበር። ለካስ ወርኃዊው 25 ዶላር ያስገኝልን የነበረው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። በወር አንድ ጊዜ ጋሼ እየደወሉ «እንዴት ሰነበትክ፣ ሱቁስ እንዴት ነው?» ይሉ ነበር፤ ዝርዝሩም በዚያው ይታደስ ነበር። ሁለተኛው ዙር ገንዘብ በሚያዝያ መጨረሻ ተለቅቆ አንዳንዶች ቢደርሳቸውም፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሱቆች ከዚያ ወዲህ አልተከፈቱም።

ታዲያ እድሩ ለምን አይጎድልም? መልሱ ከባድ አይደለም። የእድር አባል ምን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ መክፈሉን ቢያቆም ምን እንደሚቀርበት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያውቃል። በሰው አገር ሞት ሲመጣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገውን ወጪ ያየ ሰው መዋጮውን አይረሳም። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አናስተውለውም እንጂ። ለእድር ስፖንሰር የለውም። አባሉ ካልከፈለ ማንም አይከፍልለትም፤ ስለዚህም እድሩ የራሱ ነው።

ወደ ማኅበር ስንመጣ ደግሞ ዕድሜያቸው ከኔ በላይ የሆኑ ሰዎች «መዋጮ» ሲባል ፊታቸው ይለወጣል። አልፈርድባቸውም። በደርግ ዘመን ማኅበር ማለት ትገባለህ ተብለህ የምትገባበት፣ መዋጮውም ሳትጠየቅ ከደመወዝህ የሚቆረጥ ነበር። ያንን ያየ ሰው አሜሪካን አገር መጥቶ የአባልነት ቅጽ ሲሰጠው እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል።

የአገር ቤት ማኅበራት ታሪክ ሲነሣ፣ ለኔ እንደ ሒሳብ ሰው ትልቁ ትምህርት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። በ1995 የተቋቋመው ይህ ማኅበር አቅም ለሌላቸው በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ሴቶች ነጻ የሕግ አገልግሎት የሰጠ፣ በ2000 ለወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ብዙ የደከመ ነው። ሥራው የተመሰገነ ቢሆንም ገቢው በአብዛኛው ከውጭ ለጋሾች ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሲወጣ፣ በመብት ሥራ ላይ የሚሠማራ አገር በቀል ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው ከ10 በመቶ አይበልጥም ተባለ። ማኅበሩ የባንክ ሒሳቡ ታገደበት፤ አብዛኛውን ሠራተኛውንም ለማሰናበት ተገደደ። አዋጁ ክፉ አዋጅ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። ቢሆንም ሕግ አውጪው በትሩን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ያወቀው ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ አንድ ስለነበረ ነው።

«እንግዲያው በደመወዝ በኩል ቢቆረጥስ?» የሚል አይጠፋም። በ1949 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር እንዲህ ነበር የሚሰበስበው። በ1990ዎቹ ከመንግሥት ጋር ሲጋጭ በዚያው ስም ሌላ ማኅበር ቆመ፤ ከመምህራን ደመወዝ የሚቆረጠውም መዋጮ ወደዚያኛው እንዲሄድ ተደረገ። አባላቱ እንዳሉ ናቸው፤ ገንዘቡም እየተቆረጠ ነው፤ ነገር ግን የሚደርሰው ለሌላ ነው። ደመወዝ ከፋዩ ቧንቧውን ማዞር ከቻለ የአባሉ ፈቃድ አይጠየቅም ማለት ነው።

ወደ ሲያትል እንመለስ። በዚህ ከተማ የኛ ሰዎች በብዛት የገቡባቸው ሙያዎች የታክሲ፣ የኡበርና የሊፍት እንዲሁም የወደብ ትራክ ሹፌርነት መሆናቸው ይታወቃል። በ2012 መጀመሪያ ላይ በዚሁ በሶዶና በሃርበር አይላንድ የሚሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወደብ ትራክ ሹፌሮች፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ አቁመው ነበር። ወደ ኦሎምፒያ ሄደው ስለ ሥራ ሁኔታቸው ለሕግ አውጪዎች መመስከራቸው ነበር መነሻው። ይደግፉት የነበረው ረቂቅ በታችኛው ምክር ቤት ቢያልፍም በሴኔቱ ቀረ። የወደብ ትራክ ሹፌሮች ማኅበር የሚለው ስም የተሰማውም በዚያ ሰሞን ነው።

የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች የሄዱበት መንገድ ረዘም ያለ ነው። በ2014 ከቲምስተርስ 117 ጋር ሆነው ማኅበር አቋቋሙ። በታኅሣሥ 2015 የከተማው ምክር ቤት ሹፌሮቹ በጋራ እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ደንብ በሙሉ ድምፅ አወጣ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት ከሰሰ። በግንቦት 2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ራሳቸውን የቻሉ ነጋዴዎች የሆኑት ሹፌሮች በጋራ ዋጋ እንዲደራደሩ የሚፈቅደው ደንብ ከጸረ ሞኖፖል ሕጉ ነጻ አይደለም የሚል ውሳኔ ሰጠ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለትራክ ባለንብረቶቹም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ድርጅት ካላችሁ፣ በማኅበር ስብሰባ ላይ «ከዚህ ዋጋ በታች ማንም እንዳይጭን» ብላችሁ ብትስማሙ ሕግ መተላለፍ ነው። ስለ ወረፋ መርዘም፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ሥልጠና፣ ወይም ሕግ እንዲለወጥ መጠየቅ ግን ይቻላል። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ይህንን ልዩነት ያልተረዳ እንደሆነ ማኅበሩን በራሱ ብዕር ያስከስሰዋል።

ሹፌሮቹ በድርድር ያላገኙትን በሕግ አገኙት። በመጋቢት 2022 የተፈረመው ሃውስ ቢል 2076 ለሲያትል ጉዞ በማይል 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም፣ በደቂቃ 59 ሳንቲም፣ ለአንድ ጉዞም ቢያንስ 5 ዶላር ከ17 ሳንቲም መነሻ አስቀመጠ፤ ይህም በየዓመቱ እንዲስተካከል ተደነገገ። የሕመም ፈቃድም ተጨመረ። ለኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ሌላው አንቀጽ ነው። ሕጉ ሲወጣ፣ ለሹፌሮች ድጋፍ የሚሰጠው ማእከል ወጪ ከእያንዳንዱ ጉዞ በሚታሰብ 15 ሳንቲም እንዲሸፈን ተደረገ። ሹፌሩ በየወሩ ሲለመን የነበረው አሁን በጉዞው ቁጥር ይሰበሰባል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ሥራውን ላሠሩት ሰዎችም ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ይሁንና በሕግ የመጣ ገንዘብ በሕግ ሊሄድ ስለሚችል፣ ከጎኑ በፈቃድ የሚከፈል መዋጮ ባይቀር ደስ ይለኛል። የመምህራኑን ነገር አልረሳሁትም።

ሰው በፈቃዱ እንዲከፍል ደግሞ የሚያሳዩት ነገር ያስፈልጋል። ይህ ዓምድ የኢሚግሬሽንም ስለሆነ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ላንሣ። በሥራ በኩል ለሚጠየቅ መኖሪያ ፈቃድ «ኢ ቢ 2» በሚባለው ክፍል፣ በሙያው ልዩ ችሎታ አለኝ የሚል አመልካች ከስድስት ማስረጃዎች ቢያንስ ሦስቱን ማቅረብ አለበት። ከስድስቱ አንዱ የሙያ ማኅበር አባልነት ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለመሐንዲስ፣ ለነርስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍ ባለው «ኢ ቢ 1» ላይ ግን ከፍሎ መግባት ብቻውን አይቆጠርም፤ ማኅበሩ አባል የሚያደርገው የላቀ ሥራ የሠራውን ብቻ፣ ያም በባለሙያዎች ተመዝኖ መሆን አለበት። አንዳንድ ሰው ሁለቱን እያምታታ መቶ ዶላር ከፍሎ ወረቀት ይገዛና ጠበቃ ፊት ሲቀርብ ያዝናል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ማመልከቻችሁን ለጠበቃ አሳዩ። ለማኅበራት የምለው ግን፣ አባል በየትኛው ቀን እንደገባና እስከ መቼ እንደከፈለ የሚያሳይ መዝገብ ከሌላችሁ የድጋፍ ደብዳቤያችሁ ዋጋ የለውም።

እኔም ዲግሪዬን ከሕንድ አገር ይዤ እዚህ ስመጣ ግራ ተጋብቼ ነበር። የሲ ፒ ኤ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ እንጂ የሲ ፒ ኤዎች ማኅበር አለመሆኑን ለመረዳት ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። ትምህርቴ ተገምግሞ እስከ 150 የሴሜስተር ሰዓት መሟላት ነበረበት። የጎደለኝ የትኛው ኮርስ እንደሆነ የነገረኝ ቦርዱ አልነበረም፤ በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የኬንያ ሰው ነው። የመግቢያው ዋጋ በዚያች ግማሽ ሰዓት ወጥቶልኛል።

ትልልቆቹ ነጋዴዎች ለማኅበር የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ከሶዶ መራቅ የለበትም። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትጠይቅ፣ የተቃወመው በ1911 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ነበር። በየጋዜጣው ስሙ የተነሣው ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሶዶ የነበረው ስታርባክስ ነው፤ እሱ ደግሞ ተቃውሞውን የቀሰቀስኩት እኔ አይደለሁም አለ። ነገሩ በሰኔ 2007 በስምምነት አለቀ። ያኔ ብዙዎቻችን ስለ ስታርባክስ ስንጮህ ማኅበሩን ልብ አላልነውም። አባላት በሚከፍሉት ገንዘብ የቆመ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አባላቱ ስማቸውን ሳያነሡ እነሱን ሆኖ መናገር ችሏል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የንግድ ወይም የሙያ ማኅበር በአብዛኛው በ501 ሲ 6 ሥር ነው የሚመዘገበው፤ እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት በ501 ሲ 3 አይደለም። ስለዚህ አባሉ የከፈለውን መዋጮ ለታክስ ሲያቀርብ እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ንግድ ወጪ ይጽፈዋል። ከ1994 ወዲህ ግን ከመዋጮው ውስጥ ለሕግ ማግባቢያ የዋለው ድርሻ አይቀነስም፤ ማኅበሩም ይህን ለአባላቱ ማሳወቅ አለበት። ዓመታዊ ገቢው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር ለአይ አር ኤስ የሚልከው 990 ኤን የተባለችውን ፖስት ካርድ ነው። በኮምፒውተር ትሞላለች፤ አሥር ደቂቃ አትፈጅም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልላከ ግን ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል። በሰኔ 2011 አይ አር ኤስ የመጀመሪያውን ዝርዝር ሲያወጣ 275,000 ያህል ድርጅቶች ተሰርዘው ተገኝተዋል።

በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ የሚያሳስት ነገር አለ። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ከቢ ኤንድ ኦ ታክስ በራሱ ነጻ አይደለም። እውነተኛ የአባልነት መዋጮ ከታክሱ ይቀነሳል፤ አባሉ በመዋጮው ምትክ ብዙ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያገኝ ከሆነ ግን ሽያጭ ሊባል ይችላል። ስፖንሰሩም እንዲሁ ነው። ስሙን ጠርቶ ማመስገን አንድ ነገር ሲሆን፣ «ከሱ ግዙ» ብሎ ማስተዋወቅ ሌላ ነው፤ የኋለኛው ታክስ ያስከትላል። እኔ ያን የ15,000 ዶላር ቼክ ስቀበል ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላሰብኩት መዋጮው ሲነሣ የጋሼ ስልክ መደወል እንደሚያቆም ነው።

እዚያ ግቢ ውስጥ ለተሰበሰቡት ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ ብዙ ተከራከሩ። አንዱ ስፖንሰር ይፈለግ አለ፤ የትራክ ጎማ የሚሸጡ ፈቃደኞች አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ግን፣ ወደቦቹ የጭነት ትራኮችን እስከ 2050 ከጭስ ነጻ እናደርጋለን ማለታቸውን አስታወሰች። የአዲስ ኤሌክትሪክ ትራክ ዋጋ ካገለገለ የናፍጣ ትራክ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «ያ ውይይት ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ጎማ ሻጩ ነው ወይስ እኛ?» ብላ ጠየቀች። ለጊዜው ዝም ተባለ።

በመጨረሻ የተስማሙት ወርኃዊው መዋጮ 20 ዶላር እንዲሆን፣ የስፖንሰር ገንዘብ ከመጣም ከዓመቱ መዋጮ ከአንድ አራተኛ እንዳይበልጥና ለሥልጠና ብቻ እንዲውል፣ በምንም ምክንያት መዋጮ እንዳይነሣ ነው። ይህ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይገባል። ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ድምፅ አይሰጥም፤ ሲመለስ ግን ያለፈውን አይጠየቅም። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ የጋሼ ነው። በፊተኛው ማኅበር ውዝፉ ስለበዛበት አፍሮ የቀረ ሰው ብዙ ነበር አሉ።

ጋሼ እንደገና ገንዘብ ያዥ ሆነው ተመረጡ። አሻፈረኝ ብለው ነበር፤ ሰው አልሰማቸውም። ደብተሩን ኮምፒውተር ላይ እንድንገለብጠው ብጠይቃቸው፣ «አንተ ኮምፒውተሩን ያዝ፤ እኔ ስልኩን እይዛለሁ» አሉኝ። በዚያው ቀን አሥራ አንዱ ከፈሉ። ቀሪዎቹ አምስት ቼክ አልያዝንም አሉ። ጋሼ ስማቸውን በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ጽፈው ከአጠገቡ የሚደውሉበትን ቀን አሰፈሩ፤ ማክሰኞ ይላል።